ፈረንጅ የእንግሊዝኛ መምህርት ለአንድ ዓመት ልትመጣልን ነው፤ እንዴት ብናሠማራት ይሻላል?

ዘፍኖተ ሰላም

ሰላም መምህራን። ፍኖተ ሰላም አካባቢ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ተጠሪ ነኝ። አንዲት ፈረንጅ መምህርት በበጎ ፈቃድ ለአንድ ዓመት ልታስተምርልን ነው። የፈቃዱም የቤቱም ጉዳይ አልቋል። አማርኛ አትችልም። የ9ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን በአንድ ክፍል 70 ገደማ ናቸው፤ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። ፕሮጀክተር የለንም፣ መብራትም ይጠፋል። ርዕሰ መምህሩ «ሁለት ክፍል ሙሉ በሙሉ ይሰጣት» ይላሉ። እኔ ልጆቹ እንዳይጎዱ፣ እሷም ተስፋ እንዳትቆርጥ እሰጋለሁ። ምን ትላላችሁ?

ጠመኔ (ደንበጫ)

መምህር፣ ስጋትዎ ልክ ነው። ብቻዋን ክፍል አይስጧት። 9ኛ ክፍል ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚሆንበት ዓመት ነው፤ ልጁ በሒሳቡም በባዮሎጂውም ተጨንቋል። በዚያ ላይ የማያውቀው ቅላጼ ሲጨመርበት መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ቀጥሎ ይቀራል። እሷ ደግሞ የሰዋስው ጥያቄ በአማርኛ ሲቀርብላት መልስ የላትም።

የሚሻለው ስድስት ክፍል ወስዳ ወደ እያንዳንዱ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ መግባት ነው፣ የክፍሉ መምህርም አብሮ እየገባ። መምህሩ ከኋላ ተቀምጦ ደብተር የሚያርም ከሆነ ግን ዋጋ የለውም። ሥራ ይከፋፈሉ። አዲሱን ሰዋስውና የመጽሐፉን ምዕራፍ የእኛ መምህር ይያዝ፤ ማዳመጥና መናገር ለእሷ ይሁን። ሁለቱ ሐሙስ ወይም ዓርብ ለ30 ደቂቃ ተቀምጠው የሚቀጥለውን ሳምንት ካልተነጋገሩ ሁሉም ይፈርሳል። ይህን ሰዓት በመርሐ ግብሩ ላይ ያስጽፉት፤ ያልተጻፈ ስብሰባ በሁለተኛው ሳምንት ይረሳል።

ለእሷ የሚስማማ አንድ ትምህርት ልንገርዎ፤ ወረቀትም መብራትም አይፈልግም። ከባዮሎጂ ወይም ከጂኦግራፊ መጽሐፋቸው ከ60 እስከ 80 ቃል ያለው አንቀጽ ትምረጥ። አራት አዳዲስ ቃላት ሰሌዳ ላይ ጽፋ ታስረዳ። ከዚያ አንቀጹን በተለመደ ፍጥነት ታንብብ፤ በዚህ ጊዜ ማንም እስክሪብቶ አይዝም። ሁለተኛ ስታነብ ቁልፍ ቃላትን ብቻ ይጻፉ። ቀጥሎ በአንድ ዴስክ ያሉት ሦስቱ ቃላቸውን አዋጥተው በ12 ደቂቃ አንቀጹን መልሰው ይጻፉት። ቃል በቃል መሆን የለበትም፤ ሐሳቡ ይሙላ፣ ዓረፍተ ነገሩ ይቁም። መጨረሻ ላይ የአንድ ዴስክ ሥራ ሰሌዳ ላይ ይውጣና ክፍሉ ያርመው።

የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። በመጀመሪያው ንባብ መጻፍ ከጀመሩ እንደ ቃል ጽሕፈት ይቆጥሩትና አምስተኛው ቃል ላይ ይቀራሉ። ደግሞ በቡድን ሥራ ሁሉንም የሚሠራው ጎበዙ ብቻ ነው፤ በአንድ ለአምስቱም ያየነው ይኸው ነው። ስለዚህ ለሦስቱ 1፣ 2፣ 3 ቁጥር ይሰጣቸውና ሥራው ካለቀ በኋላ «ቁጥር 2 ይነሣ» ይባል። ማን እንደሚጠራ ቀድሞ ካልታወቀ ሦስቱም ይሠራሉ።

መምህርት ከቡሬ

ጠመኔ ባለው እስማማለሁ። እኔ ደግሞ ከመግባቷ በፊት ልትሰማቸው የሚገቡ ነገሮች አሉኝ፤ ብዙ ፈረንጅ መምህር የሚሰናከለው በቋንቋው ሳይሆን በእነዚህ ነው።

ልጆቻችን «አዎ» ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋሉ። ካልተነገራት የደነገጡ ወይም ያመማቸው ይመስላታል። ስትቆጣቸው ዓይናቸውን መሬት ላይ ይተክላሉ፤ ይህ አክብሮት እንጂ ንቀት አይደለም። እጅ ሲያወጡ ጣት እያጮሁ «ቲቸር፣ ቲቸር» ማለታቸውም ብልግና አይደለም።

በአሉታ አትጠይቅ። «ሆምዎርክህን አልሠራህም?» ብትለው «የስ» ይላታል። እሱ ማለቱ «አዎ፣ አልሠራሁም» ነው፤ እሷ የምትሰማው ግን መሥራቱን ነው። ሐሰተኛ አድርጋ ልትይዘው ትችላለች። «ሠርተሃል?» ብላ ብትጠይቅ ነገሩ ያልቃል።

«ገባችሁ?» የሚለውንም ትተወው። 70 ልጅ በአንድ ድምፅ «የስ» ይላል፣ የገባቸው ግን ጥቂቶች ናቸው። ትእዛዝ ከሰጠች በኋላ «ለየብቻ ነው ወይስ በጥንድ?»፣ «ስንት ደቂቃ ነው?» ብላ ትጠይቅ። ከዚያም በላይ የሚረዳው ሁለት ልጆች ፊት አውጥታ ሥራውን ማሳየት ነው።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። የእኛ 2:00 ለእሷ 8:00 ነው። የክፍለ ጊዜውን ሠንጠረዥ በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋችሁ ስጧት። ለተማሪዎቹም ይህ ራሱ ትምህርት ነው፤ በእንግሊዝኛ «ትምህርት ስንት ሰዓት ይጀምራል?» ሲባሉ «አት ቱ» ይላሉና ስድስት ሰዓት መደመር ወይም መቀነስ ይለማመዱ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አዲስ ትምህርት አታስጀምሯት። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩት ስንቅ ለማምጣት ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ፤ ሰኞ ጠዋትም ያልተመለሰ አይጠፋም። ኅዳርና ታኅሣሥ ጤፍ ሲታጨድ ደግሞ ብዙ ወንበር ባዶ ይሆናል። አስቀድማ ካላወቀች በትምህርቷ ተሰላችተው የቀሩ ይመስላታል።

አገው ምድር (ዳንግላ)

በአነጋገር በኩል ጥቂት ልጨምር። ከፈረንጅ መምህር የምናገኘው ትልቁ ጥቅም ጆሮ ማሠልጠን ነውና አታባክኑት።

አማርኛ የሚያጠብቀውና የሚያላላው ተነባቢውን ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ደግሞ ይገኛል ማለት ነው። እንግሊዝኛ ግን ትርጉም የሚለየው በአናባቢው ርዝመትና ድምፅ ነው። መርከቡንም (ship) በጉንም (sheep) በፊደላችን «ሺፕ» ብለን ነው የምንጽፋቸው፤ ልጁ ልዩነቱን የማይለየው ስላልሰማው ነው። በተቃራኒው «ሀፒ» እና «ዲነር» ላይ ሁለት ተመሳሳይ ፊደል ስላየ ያጠብቃቸዋል፤ በእንግሊዝኛ አይጠብቁም።

መልመጃው ይህ ነው። ሰሌዳው ላይ 1 ብላ መርከቡን፣ 2 ብላ በጉን ትጻፍ። ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ፣ አፏ እንዳይታይ፣ አንዱን ትበል። ልጆቹ ደረታቸው ላይ አንድ ወይም ሁለት ጣት ያሳዩ። ዞር ስትል የ70ውንም መልስ ባንድ ጊዜ ታያለች፣ የተሳሳተውም ልጅ ፊት ለፊት አያፍርም። አሥር ጊዜ ያህል ትድገመው። ብዙዎቹ ሲይዙት ብቻ ተራው የልጆቹ ይሆናል፤ አንዱ ይናገራል፣ ክፍሉ ጣት ያሳያል። ሳይሰሙ መናገር ከተጀመረ ስሕተቱ ሥር ይሰድዳል።

«እስኩል»፣ «እስቶፕ» የሚሉትን በ«ስ» ያስጀምሯቸው። መጀመሪያ «ስስስስ» ብለው ይቆዩ፣ ከዚያ «ኩል» ይጨምሩ፣ ከዚያ «ስ»ን እያሳጠሩ ያገናኙት። ምላስ በጥርስ መካከል የሚወጣበትን ድምፅ ግን ወር ሙሉ አትከራከሩበት። «ዚስ» ያለ ልጅ ሐሳቡን ያስተላልፋል፤ አናባቢው የተምታታበት ግን ሌላ ቃል ነው የሚናገረው።

ክፍል ውስጥ አማርኛ ይከልከል የሚሉ አሉ። እኔ አልደግፈውም። ጥንዶቹ ሲለማመዱ እንግሊዝኛ ብቻ ይሁን፤ አዲስ ሕግ ሲብራራ ግን የሁለት ደቂቃ አማርኛ ከ20 ደቂቃ ግራ መጋባት ያድናል።

ዘፍኖተ ሰላም

እግዚአብሔር ይስጥልን። ሁለት ነገር ልጠይቅ፦ የደብተር እርማቱን ማን ይይዘዋል? ከሄደች በኋላስ ምን ይቀርልናል?

ጠመኔ (ደንበጫ)

ሁሉን ደብተር ለእሷ አይስጡ። አንድ ደብተር 3 ደቂቃ ቢወስድ ስድስት ክፍል 420 ደብተር ነው፤ 21 ሰዓት ማለት ነው። በየክፍሉ በየሳምንቱ 10 ደብተር በተራ ትውሰድ፤ ይህ 3 ሰዓት ነው፣ በሰባት ሳምንት ሁሉም ይዳረሳል። በአንድ ጊዜ የምታርመው አንድ ዓይነት ስሕተት ብቻ ይሁን፣ ለምሳሌ ያለፈ ጊዜ ግሥ። በቀይ የተሞላ ደብተር ማንም አያነበውም።

መምህርት ከቡሬ

ለሁለተኛው፦ ከመጀመሪያው ወር ጀምራችሁ ድምፅዋን ቅረጹ። የመማሪያ መጽሐፉን የማዳመጥ ጽሑፎችና ምንባቦች በስልክ ታንብብ፣ አንዱን ምንባብ አንድ ጊዜ በዝግታ፣ አንድ ጊዜ በተለመደ ፍጥነት። ቅጂው ከ3 ደቂቃ አይለፍ፤ ከረዘመ ክፍለ ጊዜው ውስጥ ሁለት ጊዜ ማሰማት አይቻልም። ክፍል ባዶ ሲሆን በርና መስኮት ዘግታ ትቅረጽ፣ ስልኩም ከአፏ አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ሲቀርብ ትንፋሽ ያስገባል፣ ሲርቅ የቆርቆሮው ጣሪያ ያስተጋባል። ፋይሉን በክፍል፣ በምዕራፍና በገጽ ሰይሙት፤ «ድምፅ 14» የሚል ስም በሚቀጥለው ዓመት ማንም አያገኘውም። በሁለት ሚሞሪ ገልብጡና አንዱ በሚኒ ሚዲያ፣ አንዱ በትምህርት ክፍሉ ቁም ሣጥን ይቀመጥ። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ ድምፅ ማጉያ ይበቃችኋል፤ 70 ልጅ ባለበት ክፍል ግን መሃል ላይ አስቀምጡት እንጂ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ አትተዉት።