እናቴ 14 ዓመት የኖረችበት ቤት ውሉ «ረቂቅ» ነው ተባለ፤ ሰበር የወሰነው እኛንም ይይዘናል?

የካራዋ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ነገሩ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እናቴ በ2003 ዓ.ም. ካራ አካባቢ 140 ካሬ ላይ ያረፈች ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ገዛች። ዋጋው 320 ሺህ ብር ነው። ሻጩ የእድራችን ሰው ነው፤ አባቴ ሲያርፍ ድንኳን ያስተከለው፣ ሦስቱንም ቀን ከቤታችን ያልጠፋው እሱ ነበር። እንዲህ ዓይነት ሰው «ውልና ማስረጃ ካልሄድን» ተብሎ ይጠየቃል? ማንም ትዝ አላለውም። ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄደው በሉክ ወረቀት አጻፉ፣ ሦስት ምስክር ፈረመ፣ እማዬ 300 ሺውን እዚያው ቆጥራ ሰጠች። ቀሪው 20 ሺህ ስም ሲዛወር ይከፈላል ተባለ።

ስሙ አልተዛወረም። መጀመሪያ «ካርታው ጠፍቶብኝ ምትክ እያወጣሁ ነው» አለ፣ ቀጥሎ «ልጄ ታሞብኝ» አለ፣ ከዚያ ስልክ ማንሳቱንም ተወ። እማዬ በበኩሏ ቤቱን አስለሰነች፣ ከጓሮ ሁለት ሰርቪስ ሠራች፣ ውኃ በስሟ አስገባች። ግብሩን በየዓመቱ በእሱ ስም ትከፍላለች፤ ደረሰኙ ሁሉ በፌስታል ተጠቅልሎ ከአልጋዋ ሥር አለ።

ዘንድሮ አስፋልቱ እስከ በራችን ደረሰ። አስፋልቱ በደረሰ በሁለተኛው ወር የክስ ወረቀት ደረሰን። «ውሉ በሕግ አግባብ ስላልተደረገ ፈርሶ ቤቴን ታስረክበኝ» ይላል።

ያማከርነው ጠበቃ ሉኩን አገላብጦ አየና «እትዬ፣ ይሄ እኮ ውል አይደለም፣ ረቂቅ ነው» አላት። ሰበር፣ ማለትም የመጨረሻው የሕግ ስሕተት አራሚ ችሎት፣ በመዝገብ ቁጥር 21448 ጨርሶታል፣ ልፋት ነው፣ አለን። እማዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ የምታወራው ሌላ የላትም። «ረቂቅ ውስጥ ነው እንዴ 14 ዓመት የኖርኩት? ረቂቅ ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈሳል?» ትላለች።

ጥያቄዬ፦ የሌላ ሰው ክርክር ላይ የተወሰነ ውሳኔ እኛን እንዴት ይይዘናል? ደግሞስ ያቺን 300 ሺህ ብቻ ይዛ ትወጣለች ማለት ነው? መልስ ለማቅረብ ሦስት ሳምንት ቀርቶናል።


ነጩ_ቮልስ፦

ምን ፍትሐ ብሔር ትላላችሁ! በወንጀል ነው ማለት! አታላይ ነው፤ ፖሊስ ጣቢያ አንድ ሌሊት ቢያድር ራሱ ካርታውን ይዞ ይመጣል።


ችሎት_ውዬ_መጣሁ፦

የካራዋ፣ እኔ በጥብቅና ሥራ ላይ ያለሁ ነኝ። መዝገቡን ሳላይ የምለውን ለመነሻ ያህል ውሰጂው።

ጠበቃችሁ የተናገረው ከሜዳ የመጣ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ከመሆኑ ሌላ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት መደረግ አለበት ይላል። ቁጥር 1720 ደግሞ ሕግ ያዘዘው ፎርም ካልተጠበቀ ያለው ነገር የውል ረቂቅ ብቻ ነው ይላል። እናትሽን ያናደዳት ቃል የሕጉ የራሱ ቃል ነው እንጂ የጠበቃው ስድብ አይደለም። 21448 የቤት ሽያጭ ክርክር ነበር። ሰበር በ1999 ዓ.ም. ሲወስነው ይህ የማዋዋያ ፎርም ለማስረጃ ያህል ብቻ የተቀመጠ ሳይሆን ውሉ እንዲጸና የግድ የሚያስፈልግ ነው ብሎ ተረጎመ። ያኔ ልደታ ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ የነበረውን ድንጋጤ አስታውሳለሁ። በሉክ ወረቀት ቤት የገዛ አገር ሙሉ ሕዝብ ነው። ባንኮችም ከመያዣ ውሎቻቸው ጋር ተደናገጡ፤ ለእነሱ ግን ብዙም ሳይቆይ በአዋጅ ቁጥር 639/2001 ሕጉ ተሻሻለላቸው፣ የባንክና የማይክሮ ፋይናንስ ብድር መያዣ ውል ከዚያ ግዴታ ወጣ። ለእነ እትዬ የወጣ አዋጅ የለም።

«ጨርሶታል» የሚለው ላይ ግን አልስማማም። ከዚያ ወዲህ ሻጩ ራሱ ችሎት ቀርቦ መሸጡን ባመነበት ጉዳይ ላይ፣ ውሉ አልተመዘገበም ተብሎ ብቻ ያልፈረሰባቸው የሰበር ውሳኔዎች አሉ። ስለዚህ አሁን መታየት ያለበት 21448 ብቻ አይደለም። ሰውየው ክሱ ላይ ስለ ሽያጩ ምን ብሎ ነው የጻፈው? ቃል በቃል ገልብጪና ላኪልን፣ ስሙን አውጥተሽ።

ነጩ ቮልስ፣ አንድ ሌሊት ማሳደሩን ተወው። የወንጀል ሕጉ ቁጥር 692 አታላይነትን ሲቀጣ ሰውየው ብሩን በተቀበለ ጊዜ አሳስቶ ወይም እውነት ደብቆ እንደነበር ዐቃቤ ሕግ ማስረዳት አለበት። ቤቱ የራሱ ነበር፣ ቁልፉንም አስረክቧል። ከ14 ዓመት በኋላ ሆዱ ቢሰፋ ነውር ነው፣ ወንጀል ግን አያደርገውም። ለሌላ ሰው ደግሞ ሸጦት ቢሆን ኖሮ ወሬው ሌላ ነበር።


ጋሽ_መዝገብ_ቤት፦

ልጄ፣ እኔ ጡረታ እስክወጣ 26 ዓመት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው የሠራሁት። የመጀመሪያ ጥያቄሽን ልመልስ። ድሮ ሰበር የወሰነው ለተከራካሪዎቹ ብቻ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 454/1997 ነው ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የተሰየሙበት የፌዴራሉ ሰበር ሰሚ ችሎት የሰጠው የሕግ ትርጉም የክልልም የፌዴራልም ፍርድ ቤቶችን ሁሉ እንዲያስገድድ የተደረገው። አሁን በ1234/2013ም ይኸው ነው። በየቅጹ ታትሞ የሚወጣውም ለዚሁ ነው።

የሚያስገድደው ግን የሕግ ትርጉሙ ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጭብጡን ሳያነብ ቁጥሯን ብቻ ሸምድዶ ይመጣል። መዝገብ ቁጥር 20938ን አይቻለሁ፤ ለረጅም ዓመታት ተለያይተው የኖሩ ባልና ሚስት ጉዳይ ነው፣ ሰበር የፍቺ ውሳኔ ባይኖርም ጋብቻው በተግባር ፈርሷል አለ። ያቺ ቁጥር ከወጣች በኋላ ሁለት ዓመት ቤሩት የቆየች ሚስት ያለችው ሁሉ መስኮቴ ላይ ቆሞ «ጋብቻዬ ፈርሷል አይደል?» ይለኝ ነበር። ስንቱን መለስኩ!

23632ን ደግሞ እይ። አባት ልጁን ከአክስቱ ላይ ለመውሰድ ጠየቀ፣ የታች ፍርድ ቤቶች አባት ነው ብለው ሰጡት፣ ሰበር ግን ሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36ን ጠቅሶ የሚቀድመው የሕፃኑ ጥቅም ነው ብሎ ለአክስቱ ወሰነ። ታዲያ ይህን አንብቦ «አክስት ከአባት ትበልጣለች» የሚል ሰው ካለ መዝገቡን አልገባውም።

ይህን ሁሉ በአደባባይ መጻፍሽ ግን አልተዋጠልኝም። ከሳሹም ስልክ አለው እኮ።


የካራዋ፦

ጋሼ እሺ፣ ሰፈሩንም መጠኑንም ትንሽ ቀይሬዋለሁ፣ አይዞዎት።

ክሱን አሁን ከፌስታሉ አውጥቼ አነበብኩት። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ከሳሽ ቤቱን ለተከሳሽ በብር 320,000 ብሸጥም፣ ውሉ በሕግ ፊት የማይጸና በመሆኑ…»። ከዚያ የሕግ ቁጥር ይደረድራል።


ችሎት_ውዬ_መጣሁ፦

ይህችን «ብሸጥም» እንኳን አሳየሽኝ። ጥንቁቅ ጠበቃ ቢሆን «ሽያጭ አለ ቢባል እንኳ» ብሎ ነበር የሚጽፈው፤ እንደዚያ ቢል ሽያጩን አላመነም። «ብሸጥም» ያለ ሰው ሸጫለሁ ብሏል፣ ከነዋጋው። መልሳችሁ ከዚች ቃል ይነሣ፦ ከሳሽ በራሱ ክስ ሽያጩን አምኗል፣ ቤቱንም አስረክቧል፣ ከዋጋውም አብዛኛውን ተቀብሏል። የክሱን ግልባጭ ከነማኅተሙ አስቀምጡ፤ ነቅቶ ክሱን ላሻሽል ሊል ይችላል።

ሁለተኛ ይርጋ፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያው ጊዜ አልፏል የሚለው። ቁጥር 1810 ውል ለማፍረስ ሁለት ዓመት ይሰጣል፣ ጠቅላላው የ1845 ደግሞ አሥር ዓመት ነው። እሱ የመጣው በ14ኛው ነው። «ያልነበረ ውል በይርጋ አይጸናም» የሚል ክርክር ይመጣባችኋል፤ ስለዚህ ያሸንፋል ብዬ አልምልም። ግን ዳኛ ይርጋን በራሱ አያነሣም፣ 1856 ይከለክለዋል። በመጀመሪያው መልስ ላይ መቃወሚያ ብላችሁ ካላነሣችሁት አለፈ። ስንት ሰው በዚህ ተቃጥሏል መሰለሽ።

ሦስተኛው የሚመረው ነው። ቢፈርስስ? ቁጥር 1815 ተዋዋዮቹን ወደ ነበሩበት ይመልሳል፤ እሷ ቤቱን ታስረክባለች፣ እሱ 300 ሺውን ይመልሳል። ግን ያልተጠየቀ ዳኝነት አይሰጥም። ስለዚህ ዋናው ክርክር እንዳለ ሆኖ በአማራጭ፣ በተከሳሽ ከሳሽነት (እዚያው መልሱ ላይ እናንተም እሱን ከሳችሁ) ብሩንም፣ የሁለቱን ሰርቪስና የልስኑን ወጪም ጠይቁ፤ ግምቱን በባለሙያ አስጠኑት። የዳኝነት ክፍያው ከከበዳት ከቀበሌ አስጽፋ በደሃ ደንብ፣ ማለትም ሳትከፍል፣ መጠየቅ ትችላለች።


ሰሚራ_ጅዳ፦

የኔንም አጎት እንዲሁ ነው ያደረጉት። ቤቱን በ90 ሺህ ገዝቶ 90 ሺው ተመለሰለት። በዚያ ብር ዛሬ በር እንኳ አይገጠምም። እሱ ግን በመልሱ ላይ ከ«ውሉ ትክክል ነው» ሌላ ምንም አልጠየቀም ነበር፣ አሁን ይህን ሳነብ ነው የገባኝ።

ጋሽ መዝገብ ቤት፣ ያለ ርእሱ መጣሁ ይቅርታ፤ እኔ ጅዳ ከመጣሁ አራት ዓመቴ ነው፣ ባለቤቴ አገር ቤት «ጋብቻችን ፈርሷል» እያለ ያስወራል። ያሉት ቁጥር ይሆን እንዴ?


ጋሽ_መዝገብ_ቤት፦

ይኸው፣ መስኮቴ ድረስ መጣች! ሰሚራ ልጄ፣ ብር ትልኪያለሽ? ይደዋወላል? ልጆቹን አብራችሁ ታሳድጋላችሁ? እንግዲያው እንጀራ ፍለጋ ሄድሽ እንጂ አልተለያያችሁም። የባንክ የላክሽበትን ደረሰኝ አንድ በአንድ አስቀምጪ። በስምሽ ውክልና የሰጠሽው ካለም ዛሬውኑ እዪው። ለብቻሽ ርእስ ክፈቺ፣ እዚያ እንነጋገር።


የካራዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠበቃ ቀየርን፤ የቀድሞው ራሱ «ልፋት ነው» ብሎ ስለነበር ብዙም አልተቀየመም። አዲሷ ጠበቃ ወጣት ናት፣ ክሱን እያነበበች ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስትደርስ ቆም ብላ በእርሳስ አሰመረችበት። ምንም አልነገርኳትም ነበር።

ከምስክሮቹ አንዱ ሞተዋል፣ ሁለቱ አሉ። አንደኛው የከሳሹ አማች ናቸው፤ ትናንት ቤታቸው ሄደን እማዬ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ስለ ቤቱ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ሊሸኙን በር ላይ ሲደርሱ እሳቸው ራሳቸው «የፈረምኩትን አልክድም» አሉ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ ስለ ቀሪው 20 ሺህ ነው። እማዬ ያኔ ለብቻው አስቀምጣው በየዓመቱ እየነካችም እየመለሰችም አሁንም አላት። «ችሎት ይዤው ልሂድ?» ትለኛለች።


ችሎት_ውዬ_መጣሁ፦

ይዛ አትሂድ፣ ኪሷ ውስጥ ሌባ ይወስደዋል። ለመክፈል ዝግጁ መሆኗን መልሱ ላይ ይጻፍ፤ ፍርድ ቤቱ በሞዴል 85 (በፍርድ ቤት የገንዘብ ማስያዣ ደረሰኝ) አስይዙ ካለ ያኔ ታስይዛለች። እስከዚያ ግን እንዳትነካው በያት።