ብርሃንና ማሳጅ ያለው የፊት ማሽን፦ ማንም ይሽጠው ወይስ ይመዝገብ?

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው ክርክር ሰሞኑን በየቤቱ እየገባ ስላለው የፊት ማሽን ነው። ላላያችሁት፣ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ዕቃ ነው። ጫፉ ይንቀጠቀጣል፣ ሞቅ ይላል፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ ብርሃን ያበራል። በጭንብል መልክ የሚመጣም አለ። ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ «ብጉር ያጠፋል፣ ማድያት ያነሳል፣ የተሸበሸበ ቆዳ ይወጥራል» ተብሎ ይሸጣል። ሳሎኖችም ከፌሻል ጋር ይሠሩበታል። ጥያቄው ይሄ ነው፦ ዕቃው እንደ ፀጉር ማድረቂያ ማንም የሚሸጠው ይሁን ወይስ እንደ ሕክምና መሣሪያ ተመዝግቦ ይግባ? ስም አያስፈልግም፤ ሥራችሁን ብቻ ጻፉ።

የሳሎን ባለቤት፦
በየቀኑ የምነካው ዕቃ ስለሆነ እኔ ልጀምር። ማንም ይሽጠው ባይ ነኝ። ደንበኞቼ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጠው የሚውሉ ናቸው። ፊታቸው አብጦ፣ መንጋጋቸው ተወጥሮ ይመጣሉ። ማሽኑን ከአገጭ ወደ ጆሮ፣ ከጆሮ ወደ አንገት ቀስ እያልኩ ስስበው ዓይናቸው ሥር ያለው እብጠት ቀለል ይላል። ሲነሱ ፊታቸው ፈክቶ ነው። መርፌ የለው፣ ሌዘር አይደለ። ስቴሮይድ ያለበት ፊት የሚያቀላ ክሬም በየሱቁ ተደርድሮ እያለ እኛን በመብራት መጠየቅ ፍትሐዊ አይደለም። ፈቃድ ይውጣ ከተባለ ደግሞ የሚያዘው አድራሻ ያለው፣ ግብር የሚከፍለው ሳሎን ነው። ስልክ ቁጥር ብቻ ያለውን ሻጭ ማን ያገኘዋል?

ባዮሜዲካል መሐንዲስ፦
እህቴ፣ ስለ ማሳጁ ያልሽው ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ጃፓን ውስጥ የታተመ አነስ ያለ ጥናት አለ። ፊትን ለ5 ደቂቃ በሮለር ማሸት የቆዳውን የደም ዝውውር ከፍ እንደሚያደርግና ውጤቱ ከ10 ደቂቃ በላይ እንደሚቆይ አሳይቷል። እብጠቱም የሚቀንሰው ከቆዳ ሥር የተጠራቀመው ፈሳሽ ስለሚገፋ ነው። ጠዋት ተመልሶ ሊመጣ ይችላል እንጂ ውሸት አይደለም።

ብርሃኑም ከመሬት ተነስቶ የመጣ ወሬ አይደለም። ዴንማርካዊው ሐኪም ኒልስ ፊንሰን የቆዳ ቲቢን በብርሃን በማከሙ በ1903 የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል። ዛሬ የምናወራው ብርሃን የሚሠራው ግን በሌላ መንገድ ነው። 630 ናኖሜትር (ናኖሜትር የብርሃኑን ቀለም የሚለይ መለኪያ ነው) አካባቢ ያለውን ቀይ ብርሃን ሴል ውስጥ ያለው ጉልበት አምራች፣ ማይቶኮንድሪያ፣ ይቀበለዋል። ሴሉ ጉልበት ያገኛል፤ ቆዳን አጥብቆ የሚይዘውን ኮላጅን የሚሠሩ ሴሎችም ይነቃቃሉ። 415 ናኖሜትር አካባቢ ያለው ሰማያዊ ደግሞ የብጉር ባክቴሪያ ውስጥ ያለውን ፖርፊሪን የሚባል ብርሃን የሚቀበል ንጥረ ነገር ያስቆጣና ባክቴሪያውን ያጠፋል።

ታዲያ እኔን የሚያሳስበኝ ሁለቱ በአንድ እጀታ ላይ መገናኘታቸው ነው። ማሳጅ መንቀሳቀስ ይፈልጋል። ብርሃን ባለበት መቆየት ይፈልጋል። እስቲ እናስላው። መብራቱ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 30 ሚሊዋት (የመብራቱ ኃይል ማለት ነው) ይሰጣል እንበል። ጭንብል ሆኖ 10 ደቂቃ ፊት ላይ ቢቆይ እያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 18 ጁል የብርሃን ጉልበት ያገኛል። በእጅ የሚያዘው ግን ጫፉ 10 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆንና ፊቱ 400 ቢሆን፣ 40 ቦታ መዳረስ አለበት። በዚያው 10 ደቂቃ ውስጥ ለአንድ ቦታ የሚደርሰው 15 ሰከንድ ነው። ያ ማለት 0.45 ጁል። ቆዳው የሚያገኘው የጭንብሉን አንድ አርባኛ ብቻ ነው። ገዢው የከፈለው ለብርሃን ነው፤ ያገኘው ማሳጅ ነው።

የኦንላይን ሻጭ፦
ወንድሜ፣ ሒሳብህ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ብርሃኑ ይህን ያህል ትንሽ ከሆነ ማንንም አይጎዳም ማለት ነው። ማንንም የማይጎዳ ዕቃ ለምን ይመዝገብ? ምዝገባ ዋጋውን ይሰቅለዋል። አሁን ደሞዝተኛ የምትገዛውን ነገ ሀብታም ብቻ ነው የሚገዛው።

የቆዳ ሕክምና ሬዚደንት፦
«አይጎዳም» ባልከው ላይ ልግባ። ለቀዩ ብርሃን በአብዛኛው ልክ ነህ። ለሰማያዊው ግን አይደለህም፤ በተለይ በእኛ ቆዳ ላይ።

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት በዓይን የሚታይ ብርሃንን በነጣ ቆዳና በጠቆረ ቆዳ ላይ ሞክሯል። ነጭ ቆዳ ላይ ምንም ጥቁረት አልታየም። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ግን ጥቁረት አመጣ፤ ጥቁረቱም አልትራቫዮሌት ኤ የሚባለው በዓይን የማይታይ የፀሐይ ጨረር ካመጣው የበለጠና የቆየ ነበር። በ2014 ደግሞ ተመራማሪዎች 415 ናኖሜትር ሰማያዊና 630 ናኖሜትር ቀይ ብርሃንን አነጻጸሩ። ቀዩ አላጠቆረም። ሰማያዊው አጠቆረ፤ ጥቁረቱም እስከ 3 ወር ቆየ። በጥናቶቹ ላይ የተሰጠው የብርሃን መጠን ከቤት ማሽን ከፍ ያለ ነው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ አልወድም። ጭንብል ግን በየቀኑ የሚደረግ ነገር ነው። ማድያት ያለባት ሴት ቆዳ ደግሞ ለመጥቆር ሰበብ ነው የሚፈልገው።

ሙቀቱም አለ። ሙቀት ማድያትን እንደሚያባብስ እናውቃለን። ምድጃ ሥር ስለሚውሉ ሴቶች የምንጨነቀው ለዚህ ነው። እና «ማድያት ያነሳል» ተብሎ የሚሸጠው ዕቃ ሰማያዊ ብርሃንና ሙቀት አንድ ላይ ይዞ ሲመጣ ዝም ማለት አልችልም። ብጉር ላይም ቢሆን፣ በ2016 የወጣው ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ተቋም ግምገማ ብዙ ሙከራዎችን አይቶ ስለ ብርሃን ሕክምና ያለው ማስረጃ ጠንካራ እንዳልሆነ ደምድሟል። በዚያ ላይ ያበጠ፣ መግል የያዘ ብጉርን በሚንቀጠቀጥ ጫፍ ማሸት ቁስሉን ማባባስ ነው። ጠባሳ የሚመጣው ከዚያ ነው።

የባንክ ሠራተኛ፦
እኔ ባለሙያ አይደለሁም። ማድያት ግን አለብኝ፤ ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ ነው የጀመረኝ። አንድ ሳሎን ውስጥ ባለ ብዙ ቀለም ጭንብል አደረጉልኝ። ሰማያዊው ላይ አቁመው ሌላ ደንበኛ ሊሠሩ ሄዱ። ማድያት እንዳለብኝ የጠየቀኝ የለም። ከዚያ ወዲህ ጉንጬ ላይ ያለው ጠርዙ ጎልቶ ጠቆረ። ብርሃኑ ነው ወይስ ፀሐዩ፣ መማል አልችልም። ግን ዶክተሯ የጻፈችውን ሳነብ አንጀቴ ነው ያረረው። ቢያንስ አንድ ሰው «ማድያት አለሽ?» ሊለኝ ይገባ ነበር። ፊቴ እኮ ነው።

የሳሎን ባለቤት፦
እህቴ፣ በጣም ነው ያዘንኩት። እኔ ሳሎን እንጠይቃለን ማለት እችላለሁ፤ የምንጠይቀው ግን «ቆዳሽ ደረቅ ነው ቅባታም?» ብለን ነው። ስለ ማድያትና ስለ ሰማያዊ ብርሃን ማሽኑን የሸጠልኝ ሰው አንድም ነገር አልነገረኝም። መመሪያው የቻይንኛ ነው። ዶክተር፣ የጸሐይ መከላከያ ክሬም ቀብተን ብንሠራስ?

የቆዳ ሕክምና ሬዚደንት፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። ተራው ነጭ ወይም ቀለም የለሽ የጸሐይ መከላከያ የሚታየውን ብርሃን ብዙም አያቆምም። የሚያግዘው አይረን ኦክሳይድ የሚባል የማዕድን ቀለም ያለበት፣ የቆዳ ቀለም ያለው ዓይነት ነው። ያ ግን ቀን ከቤት ስትወጣ የምትቀባው ነው። ማሽኑ ሥር ቀብተሽ ብርሃኑን ከከለከልሽው፣ መጀመሪያውኑ ለምን አበራሽው? ማድያት ላለባት ሰማያዊውን አለማብራት ነው መፍትሔው።

ነርስ፣ ከቨርጂኒያ፦
እዚህ አሜሪካ ያለውን ልንገራችሁ፤ ብዙ ማስታወቂያ «ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) ያጸደቀው» ስለሚል። አብዛኞቹ እነዚህ ማሽኖች «ጸድቀው» አይደለም የሚሸጡት። ፋብሪካው ዕቃዬ ከዚህ ቀደም ገበያ ላይ ካለ ዕቃ ጋር በመሠረቱ አንድ ነው ብሎ ያመለክታል፤ መሥሪያ ቤቱ ያንን አይቶ መሸጥ ይፈቅድለታል። እንደ አዲስ መድኃኒት ትልቅ የሕክምና ሙከራ አልፎ አይደለም። ቢሆንም ይህች ትንሽ ማጣሪያ ጥቅም አላት። ቢያንስ ዕቃው ለምን እንደተፈቀደ ይታወቃል፤ ለቀላል ብጉር ወይም ለቀጭን መስመር ተብሎ። ለማድያት የተፈቀደ ሲሉኝ እኔ ወረቀቱን አሳዩኝ እላለሁ።

ትልቅ ስም ያለው ድርጅት ዕቃም ቢሆን ይሰበሰባል። የቆዳ ውበት ዕቃ አምራቹ ኒውትሮጂና እ.ኤ.አ. በ2019 የብጉር ብርሃን ጭንብሉን ከገበያ ሰብስቧል። ምክንያቱ ዓይን ነው። የተወሰነ የዓይን ሕመም ያለባቸውንና ዓይንን ለብርሃን የሚያስቆጣ መድኃኒት የሚወስዱትን ሊጎዳ ይችላል ተብሎ ነው። የዚያ ዕቃ ባለቤት የታወቀ ስለነበር ዕቃው ተሰበሰበ፣ ማስጠንቀቂያ ወጣ። በሻንጣ ገብቶ በቴሌግራም የተሸጠውን ማን ነው የሚሰበስበው? ዘመዶቻችን «እስቲ አንድ ላኪልኝ» ሲሉን እኛም እንልካለን። ይህም የእኛ የውጭ ነዋሪዎች ጉዳይ ነው።

ፋርማሲስት፦
መድኃኒቱ ላይ ልጨምር። ዶክሲሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ እዚህ አገር ለብጉርም ለሌላም በብዛት ይታዘዛል። ቆዳን ለብርሃን ስስ ያደርጋል፤ ዋናው ጠላቱ አልትራቫዮሌት ቢሆንም። ለከባድ ብጉር የሚሰጠውን አይሶትሬቲኖይን የሚወስዱም አሉ። ሉፐስ የሚባል፣ የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነቱን የሚያጠቃበት ሕመም ያለባቸው አሉ። የአብዛኞቹ ጭንብሎች መመሪያ ራሱ እነዚህን ሰዎች «ሐኪም ሳታማክሩ አትጠቀሙ» ይላል። መመሪያው ግን ከካርቶኑ ጋር ተጥሏል፤ ወይም እህታችን እንዳለችው የማናነበው ቋንቋ ነው።

ሕጉን በተመለከተ አዲስ አዋጅ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ምግብን፣ መድኃኒትን፣ የሕክምና መሣሪያንና የውበት መጠበቂያን በአንድ ባለሥልጣን ሥር አድርጓል። ሻጩ «ብጉር ያክማል» ባለ ቅጽበት የሕክምና ነገር እየተናገረ ነው። ስለዚህ እንደ ሕክምና መሣሪያ ይመዝገብ። «ፊት ያፍታታል» ብቻ ካለ ግን ማሳጅ ነው፤ ይሽጥ። መለያው የሚናገረው ቃል ይሁን ነው የምለው።

ባዮሜዲካል መሐንዲስ፦
በቃሉ ብቻ ከለየን ነገ ሁሉም «ለውበት ብቻ» ብሎ ጽፎ ያንኑ ዕቃ ይሸጣል። ቆዳው ማስታወቂያ አያነብም፤ የሚያየው ብርሃኑን ነው። አውሮፓውያን ይህን ቀዳዳ አይተውታል። እ.ኤ.አ. የ2017 የሕክምና መሣሪያ ደንባቸው ለውበት ብቻ የተሠሩ ሌዘርንና መሰል ኃይለኛ ብርሃን የሚሰጡ ማሽኖችን፣ ሕክምና ነኝ ባይሉም አስገብቷቸዋል። የእኛ መለያም ብርሃኑ ራሱ መሆን አለበት። ስንት ናኖሜትር ነው? ስንት ሚሊዋት? ይህ በአማርኛ ካርቶኑ ላይ ይጻፍ።

የኦንላይን ሻጭ፦
እውነቱን ልናገር። ከዱባይ የሚመጣልኝ ካርቶን ላይ ናኖሜትር የሚባል ነገር የለም። «ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ» ይላል፤ በቃ። አስመጪውን ጠይቄው ነበር፤ እሱም አያውቅም። ሳላውቅ ምን ብዬ ልጻፍ?

ባዮሜዲካል መሐንዲስ፦
ይለካል። ናኖሜትሩን ስፔክትሮሜትር ይነግርሃል፣ ጉልበቱን የብርሃን ኃይል መለኪያ። ከአንድ ጭነት አንዱን አስለካ፤ ሁሉንም መለካት አይጠበቅብህም። የሚለካልህ አጥተህ ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፤ አብረን እንፈልጋለን።

የሳሎን ባለቤት፦
ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ግን መጀመሪያ ያልኩት አልተመለሰልኝም። ቁጥጥር ሲመጣ መጀመሪያ የሚንኳኳው የእኔ በር ነው። እኔ ብርሃኑን አጥፍቼ በማሳጅ ብቻ መሥራት እችላለሁ፤ ደንበኞቼ የሚወዱትም እሱን ነው። ያቺ እህት ላይ የደረሰው እኔ ጋ እንዲደርስ አልፈልግም። ግን እኔ እጄን ስሰበስብ ያው ደንበኛ በፍሪ ዴሊቨሪ ሰማያዊውን ቤቷ ድረስ ታስመጣዋለች። ብቻዋን፣ የሚጠይቃት ሰው በሌለበት። ስለዚህ ከጉምሩክ ካልተጀመረ የምዝገባውን ሐሳብ አልደግፍም።

ፋርማሲስት፦
እዚህ ላይ ከአንቺ ጋር ነኝ። ምዝገባ መጀመር ያለበት ከአስመጪው ነው። ሳሎን ጋ ሲደርስ የሚጠየቀው ሁለት ነገር ብቻ ይሁን፦ ዕቃው የተመዘገበ መሆኑና ደንበኛዋ ስለ ማድያት፣ ስለ እርግዝና፣ ስለምትወስደው መድኃኒት መጠየቋ።

የኦንላይን ሻጭ፦
«ማድያት ያነሳል» የሚለውን ከፖስቴ ላይ አሁን አውርጄዋለሁ። ምዝገባውን ግን አሁንም አልደግፍም፤ ለትንሽ ነጋዴ ወጪው ከባድ ነው። መለካቱን እስማማለሁ። አንድ ጥያቄ ለዶክተሯ፦ ቤቴ ያሉት ሁሉም ባለ ሰማያዊ ናቸው። ምን ላድርጋቸው?

የቆዳ ሕክምና ሬዚደንት፦
ቀለሙ የሚቀየርበት ቁልፍ ካለው፣ ለገዢዋ ቀዩን ብቻ እንድታበራ አሳያት፤ ዓይኗንም ትጨፍን። ማድያት ወይም ብጉር ጥሎት የሄደ ጥቁር ነጠብጣብ ካለባት አትሽጥላት። የቆዳ ክፍል ወዳለበት ሆስፒታል ላካት፤ አዲስ አበባ ከሆነች አለርት አለ። ቀለሙ በራሱ ጊዜ የሚቀያየር፣ ማቆም የማይቻል ከሆነ ግን ለማንም ባትሸጠው ነው የምለው። ገንዘብህ እንደሆነ አውቃለሁ።