የእናቴ የግፊት መድኃኒት ይሰብሰብ ተባለ፣ ምን ይሻላል?

እናቴ ለደም ግፊት ሎሳርታን 50 ሚሊግራም ትወስዳለች። በጣም ተስማምቷት ነበር። አሁን ናይትሮሳሚን የሚባል፣ ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚሠጋ ኬሚካል ስለተገኘባቸው አንዳንድ ባቾች (በአንድ ዙር የተመረቱ ኪኒኖች) ከገበያ ይሰብሰቡ ተብሏል። የእሷን ላጣራ ብል አልቻልኩም። ካርቶን የለውም፤ የባች ቁጥሩ ያለበት የስትሪፑ ጫፍም በመቀስ ተቆርጧል። ፋርማሲው "ሐኪም ጠይቁ" አለን፣ ሐኪሟ ደግሞ እስከሚቀጥለው ሳምንት አይገኙም።

እ.ኤ.አ. በ2018 ቫልሳርታን የሚባለው ተመሳሳይ የግፊት መድኃኒት ሲሰበሰብ፣ ታካሚዎች ምትክ ሳያገኙ በድንገት እንዳያቆሙ ተመክሮ ነበር። ግፊት ካሻቀበ ስትሮኩ የቅርብ አደጋ ነው፤ የካንሰሩ ሥጋት ግን ትንሽ ሆኖ በዓመታት የሚጠራቀም ነው። ይህን ብነግራትም ፈርታ አልውጥም ብላለች። ዛሬ ጠዋት ግፊቷ 165/95 ነበር፣ በጣም አሳስቦኛል።

ሐኪሟ እስኪገኙ ያለውን ኪኒን እንድትቀጥል ላግባባት ወይስ ዛሬውኑ በዚያው መጠን የሌላ አምራች ሎሳርታን ልግዛላት?