ርዕሳነ መምህራን ልምዳቸውን እየጻፉ እንዲመካከሩ ማድረግ የሚቻለው እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ ርዕሰ መምህርት፣ ደሴ

ይድረስ ለሙያ ባልደረቦቼ። በደሴ ከተማ በአንድ የመጀመሪያና መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በርዕሰ መምህርትነት ማገልገል ከጀመርሁ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በማስተምርበት ዘመን አንድ ነገር ሲቸግረኝ በዲፓርትመንቱ ውስጥ የማማክረው ሰው አላጣም ነበር። አሁን ግን በግቢው ውስጥ የእኔን ሥራ የሚሠራ ሌላ ሰው ስለሌለ፣ የሚያስጨንቀኝን ጉዳይ ለመምህራኑ ብናገር እንደ ወቀሳ፣ ለበላዮቼ ብናገር እንደ ድክመት እየተቆጠረብኝ ብቻዬን ይዤው አድራለሁ። የአጎራባች ትምህርት ቤቶች መገናኛ በሆነው በጉድኝት ማዕከላችን እንሰበሰባለን፤ ሰዓቱ ግን በዕቅድና በሪፖርት ያልቃል። ስብሰባው ተበትኖ በር ላይ ቆመን በምናወራባት ጥቂት ደቂቃ ውስጥ አንዱ ወላጆችን ወደ ስብሰባ ያመጣበትን መላ፣ ሌላው የተኳረፉ ሁለት መምህራንን ያስታረቀበትን መንገድ ሲናገር እሰማለሁ። ያ ጨዋታ እዚያው በር ላይ ይቀራል፤ በማግስቱ ስፈልገው ግማሹ ከአእምሮዬ ጠፍቷል።

ይህን በጽሑፍ ለማቆየት ብዬ ባለፈው ዓመት ከ14 ርዕሳነ መምህራን ጋር የቴሌግራም ቡድን ከፈትሁ፤ እያንዳንዳችን በየሳምንቱ አንድ ገጽ ልንጽፍም ተስማማን። ብዙም ሳይቆይ ቡድኑ በበዓል መልካም ምኞት፣ በሐዘን መልእክትና በደብዳቤ ፎቶግራፍ ተሞላ። ከሁሉ የከፋው ግን፣ አንድ ባልደረባችን በትምህርት ቤቱ የሚያቋርጡ ተማሪዎች ለምን እንደበዙ በቅንነት የጻፈው ጽሑፍ ከቡድኑ ወጥቶ በአንድ የግምገማ መድረክ ላይ ተነበበበት። ከዚያ ቀን ወዲህ ከማስታወቂያ በስተቀር የሚጻፍ ነገር የለም።

እንደገና ለመጀመር አስቤአለሁ። ምን ዓይነት ጽሑፍ ቢጻፍ ለሌላው ይጠቅማል? ማን ያንብበው? የሥራው ብዛት ሳያቋርጠንስ እንዴት ይዘልቃል? ሞክሮ ያየው ሰው ካለ እንዲመክረኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

መልስ፦ በጡረታ ላይ ያለሁ ርዕሰ መምህር፣ ኮምቦልቻ

እኅቴ፣ ስለ ብቸኝነቱ የጻፉትን ሳነብ የራሴን ዘመን አስታወሱኝ። ከምክር በፊት አንድ ያየሁትን ልንገርዎ።

በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ ሁላችንም ተበተንን። በኅዳር መጨረሻ ከተሞቹ ነፃ ወጥተው ወደ ትምህርት ቤቴ ስመለስ፣ ሮስተር፣ ማለትም የተማሪዎች የውጤት መዝገብ፣ የሚቀመጥበት ቁም ሣጥን ተሰብሮ ወረቀቱ ገሚሱ ተቀዳዶ ገሚሱ ጠፍቶ አገኘሁት። ወንበርና መስኮት ይተካል፤ የአንድ ልጅ የስድስት ዓመት ውጤት ግን ከየት ይመጣል? መምህራኑ ቤታቸው የቀረውን የውጤት መመዝገቢያ አመጡ፤ ወላጆች በየቤታቸው ያለውን ካርድ ይዘው መጡ፤ ሁለቱን እያመሳከርን ሮስተሩን እንደ አዲስ መሥራት ጀመርን። ሥራው ገና አጋማሽ ላይ ሳለ ያደረግነውን ሁሉ፣ የተሳሳትነውንም ጭምር፣ በሁለት ገጽ ጽፌ ፎቶ ኮፒ አስነሥቼ ለአምስት ርዕሳነ መምህራን ላክሁ። ከአንደኛው ወረቀቱ ተመልሶ ሲመጣ በኅዳጉ ላይ በእስክሪብቶ እንዲህ ተጽፎበት ነበር፦ «ካርዱን ከወላጅ ተቀብለህ አታሳድር። እዚያው ፎቶ አንሥተህ መልስለት። እኛ ሰብስበን አስቀምጠን የሁለት ልጆች ካርድ ጠፍቶብን ከወላጆች ጋር ተቀያይመናል።» በዚያች ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ተከምሮ የነበረው ካርድ ብዙ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሥራ አቁመን ሁሉንም ፎቶ አነሣንና ለየባለቤቱ መለስን።

ያ የኅዳግ ጽሑፍ የመጣው እኔ ያልጨረስሁትን ሥራ ስለጻፍሁ ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ «ሮስተራችንን በተሳካ ሁኔታ አደራጅተናል» ብዬ ብጽፍ ኖሮ የሚመጣልኝ መልስ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብቻ ይሆን ነበር። ስለዚህ ተረኛው ጸሐፊ ገና በእጁ ያለውን፣ ያልተፈታለትን አንድ ጉዳይ ይጻፍ፤ ምን እንደሆነ፣ ምን እንዳደረገ፣ የቱ እንዳልሠራለት ይናገርና በጥያቄ ይልቀቀው። አንድ ገጽ ይበቃል። በሪፖርት የለመድነው አጻጻፍ እንዳይገባበት ግን አጥብቃችሁ ተጠንቀቁ። «የተማሪዎችን ሥነ ምግባር ለማሻሻል ከባለድርሻ አካላት ጋር በቅንጅት ተሠርቷል» የሚል ዓረፍተ ነገር ለማንም ምንም አይነግርም። «ማክሰኞ ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ አጥር ዘለው የወጡትን የስድስት ልጆች ወላጆች ጠራሁ፤ የመጡት ሁለት ናቸው» የሚለውን ያነበበ ርዕሰ መምህር ግን ወዲያው የሚናገረው ነገር ይኖረዋል፤ እርሱም ጠርቶ የቀሩበት ወላጆች አሉና።

14 ሰው ለመጀመሪያ ብዙ ነው። በደንብ የሚተማመኑ ስድስት ሰዎች ይበቃሉ። በየሳምንቱ ሁሉም ይጻፍ ማለትም ከባድ ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰው ቢጽፍ የአንዱ ተራ ተመልሶ የሚደርሰው በሦስት ወር ገደማ ነው፤ ይህን ማንም ይችለዋል። ዋናው ነገር መላሹም እንደ ጸሐፊው አስቀድሞ መታወቁ ነው። በየሰፈራችን ያለው ቅሬ፣ ማለትም ዕድር፣ ስንት ዘመን የቆመው ድንኳን የሚተክለውና ውሃ የሚቀዳው ተረኛ ስለሚታወቅ ነው፤ «የቻለ ይምጣ» ቢባል ኖሮ አስከሬኑ በወጉ አይሸኝም ነበር። እንዲሁ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ሁለት ተረኛ መላሾች ይመደቡ። ጽፎ መልስ ያጣ ሰው ሁለተኛ አይጽፍም፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

መልስ፦ የጉድኝት ሱፐርቫይዘር፣ ደሴ

ማን ያንብበው ለሚለው ጥያቄ ከእኔ ወገን ያለውን ልናገር። እኔ በቡድኑ ውስጥ መኖር የለብኝም። ይህን የምለው ጉዳዩን ስለማልፈልገው አይደለም፤ ሥራዬ መደገፍ ብቻ ሳይሆን መመዘንም ስለሆነ ነው። ኢንስፔክሽን በ26 ስታንዳርዶች ትምህርት ቤቱን መዝኖ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 እንደሚሰጠው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ነገ ግለ ግምገማውን የሚመረምር ሰው ዛሬ የሚያነበው ከሆነ፣ ጸሐፊው ሳያስበው እንኳ እጁ ወደ ሪፖርት አጻጻፍ ይሄዳል። ባልደረባችሁ ላይ የደረሰው ነገር እጅግ አሳዝኖኛል፤ በቅንነት የተጻፈን ነገር ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ የሚጎዳው ጸሐፊውን ብቻ ሳይሆን ችግሩን ቀድሞ የማወቅ ዕድላችንንም ነው።

ይሁን እንጂ ቡድኑ በምሥጢር እንዳይቋቋም እመክራለሁ። መኖሩንና ዓላማውን ለሚመለከተው አካል በቃል አሳውቁ፤ ከዚያ በዓመት ሁለት ጊዜ እናንተው መርጣችሁ፣ የትምህርት ቤትና የሰው ስም አውጥታችሁ፣ ለሌሎች ይጠቅማል ያላችሁትን ለጉድኝት ማዕከሉ ስጡ። ሌላም አለ። በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ አንድ መምህር በዓመት 60 ሰዓት እንዲያሟላ ይጠበቃል፤ እናንተም ለዚህ የምታውሉት ጊዜ የሙያ ማሻሻያ ነውና ጽሑፎቹን በፖርትፎሊዮአችሁ፣ ማለትም በሙያ ማሻሻያ ማኅደራችሁ፣ ውስጥ ብታስቀምጡ ድካማችሁ ይቆጠርላችኋል።

መልስ፦ ምክትል ርዕሰ መምህርት፣ ኮምቦልቻ

በመጨረሻው ነጥብ ከሱፐርቫይዘሩ ጋር አልስማማም። ፖርትፎሊዮ ይመረመራል፤ የሚመረመር ነገር ውስጥ የሚገባ ጽሑፍ ደግሞ እርሳቸው ራሳቸው እንዳሉት ሪፖርት ይሆናል። ተቆጣጣሪን ከፊት በር አስወጥቶ በመስኮት ማስገባት እንዳይሆን እሰጋለሁ። በፖርትፎሊዮው ውስጥ የተጻፈበት ቀንና የወሰደው ሰዓት ይመዝገብ፤ ጽሑፉ ግን በቡድኑ ይቅር።

ስለ ቴሌግራሙ ጥቂት ልጨምር። በቡድኑ ማስተካከያ ውስጥ መልእክት ወደ ሌላ እንዳይተላለፍና እንዳይቀዳ የሚከለክል አማራጭ አለ፤ ከመጀመሪያው ቀን ይብራ። በሌላ ስልክ ፎቶ ማንሣትን ግን የሚያግድ ነገር የለምና ዋናው ጥበቃ የአባላቱ ቃል ነው። ቡድኑን በርዕስ መከፋፈልም ስለሚቻል ለጽሑፎቹ አንድ ክፍል፣ ለሰላምታና ለሐዘን ሌላ ክፍል ይከፈት። ሐዘን አይነገር ማለት በእኛ አገር አይሆንም፤ ቦታው ይለይ እንጂ። በአማርኛ መተየብ የሚከብደው ሰው ድምፁን ቀርጾ ይላክ፤ ተረኛው መላሽ ወደ ጽሑፍ ይገልብጥለት። በእኛ ዘንድ በዚህ መንገድ ከሁሉ የተሻለ ጽሑፍ ያወጡት መተየብ አልችልም ብለው እምቢ ያሉት ሰው ናቸው።

ኢንተርኔት ብቻ አትመኑ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜ በስልክ ላይ ብቻ የነበረው ነገራችን ሁሉ ቆመ። ያኔ ያዳነን አንድ ደበሎ የሚያህል ወፍራም ደብተር ነው፤ ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በመካከል ያለውን የሀረጎን ዳገት በሚወርድና በሚወጣ በምናምነው ሰው እጅ እየተላከ ይዞር ነበር። እስከ ዛሬም የሚታተመውን እያተምን እዚያው እንለጥፋለን።

የተማሪ ስም፣ የወላጅ ስም፣ የሕመም ወይም የቤተሰብ ጠብ ታሪክ በምንም መልኩ አይጻፍ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ጉዳዩ የሕግም ነው፤ ሕግ ባይኖር እንኳ ከተማችን ትንሽ ስለሆነች «የስምንተኛ ክፍሏ ልጅ፣ አባቷ ሹፌር የሆነው» ከተባለ ሁሉም ያውቃታል።

ከጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የካርዶቹን ነገር ካነበብሁ በኋላ ለአምስት ባልደረቦቼ ደውዬ ስድስት ሆነናል፤ ጽሑፎቹን በፖርትፎሊዮ እንዳናስገባም ተስማምተናል። ሱፐርቫይዘራችን ከቡድኑ ልቅር ማለታቸው ሌሎቹን ለማሳመን ከእኔ ንግግር ይልቅ ረድቶኛል። የመጀመሪያው ተራ የእኔ ነውና ረቂቁን እዚህ ላስቀምጠው፤ ሪፖርት መስሎ እንደሆነ ንገሩኝ።

«በራችን ጠዋት 2:00 ይዘጋል። መስከረም ላይ ያረፈደ ተማሪ ወደ ቤቱ ይመለስ ብዬ ወሰንሁ። በር ጠባቂው ስም መዝግቦ ስለነበር በጥቅምት መጨረሻ ደብተሩን ተቀብዬ ሳየው፣ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የተመለሱት 31 ተማሪዎች ሲሆኑ 22ቱ ሴቶች ናቸው። አምስቱን ጠርቼ ስጠይቅ አራቱ ጠዋት ውሃ ቀድተው እንደሚመጡ ነገሩኝ፤ በሰፈራቸው ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። እኔ የቀጣሁት ስንፍና መስሎኝ ነበር። አሁን እስከ 2:20 በሩን ከፍቼ ያረፈዱት በቤተ መጻሕፍት ቆይተው ወደ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ እንዲገቡ አድርጌአለሁ። ሆኖም በሰዓቱ ይመጡ የነበሩ ልጆችም ማርፈድ ጀመሩ፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ መምህራንም ቅር ብሏቸዋል። በሩን መልሼ ልዝጋ ወይስ ሌላ መንገድ አለ?»

መልስ፦ በጡረታ ላይ ያለሁ ርዕሰ መምህር፣ ኮምቦልቻ

ይህ ሪፖርት አይመስልም። አንድ ነገር ልጠይቅ፤ የበር ጠባቂው ደብተር ቀን ይዟል? ያረፈዱበትን ቀን ውሃው ከሚመጣበት ቀን ጋር አመሳክረው ይዩት። የሚገጥም ከሆነ በሩ በእነዚያ ቀናት ብቻ እስከ 2:20 ክፍት ይሁንና በቀሩት ቀናት በ2:00 ይዘጋ፤ ያለ ምክንያት ማርፈድ የጀመሩትም በዚያው ይለያሉ።

መልስ፦ ምክትል ርዕሰ መምህርት፣ ኮምቦልቻ

እኛ ዘንድ በእነዚያ ቀናት የመጀመሪያውንና የሦስተኛውን ክፍለ ጊዜ አቀያየርን፤ የስፖርትና የሥነ ጥበብ ትምህርት ወደ መጀመሪያው መጣ። መምህራኑ በፊት ቢያጉረመርሙም ሒሳብና እንግሊዝኛ የሚያመልጣቸው ልጆች ቁጥር መቀነሱን ሲያዩ ተቀበሉት። የክፍለ ጊዜ ድልድሉን ፎቶ አንሥቼ እልክልዎታለሁ።

ከጠያቂዋ፦

ደብተሩ ቀን ይዟል። ነገ ከአንደኛው ክፍለ ጊዜ በፊት ከበር ጠባቂው ጋር ተቀምጠን እናመሳክረዋለን፤ የተገኘውን ከድልድሉ ጋር አያይዤ እጽፋለሁ።