ልጄ ሲመሽ አያይም፣ ዓይኑ ግን ንጹህ ነው ተባለ። በዘር ሚመጣ ዳፍንት በምን ይታወቃል?

የሁለት ልጆች እናት፦
ሰላም ለሁላችሁም። ወንዱ ልጄ አምስት አመቱ ነው፣ የሩቁን ለማየት መነጽር ያደርጋል እንጂ ቀን ላይ ብዙም ችግር የለበትም። ሲመሽ ግን መብራት ከጠፋ ካለበት አይነቃነቅም፣ ግድግዳ እየዳበሰ ነው ሚሄደው፣ ሰው ሁሉ ፈሪ ነው ይለዋል እኔ ግን ፍርሃት አይመስለኝም። ሐኪም የዓይኑን ውስጥ አይቶ ምንም የለበትም መነጽሩን ያድርግ ብሎ ሸኘን። ነገር ግን ወንድሜም ከልጅነቱ ጀምሮ ማታ አያይም፣ አጎቴም (የእናቴ ወንድም) እንደዛው ነው፣ እኔና እናቴ ደግሞ ደህና ነው ምናየው። በዘር የመጣ ከሆነ በምን ምርመራ ይለያል? ደሞስ እያደር ጭራሽ ያሳውረው ይሆን? እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

ቅን ሰው፦
እህቴ አትጨነቂ ዳፍንት ማለት የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው፣ እንክብሉን ገዝተሽ ስጪው ይለቀዋል።

የዓይን ነገር፦
እባክሽ በራስሽ እንዳትሰጪው!! ኦፕቶሜትሪስት (እይታ ሚመረምር የዓይን ባለሙያ) ነኝ። ቫይታሚን ኤ ሲበዛ ጉበት ይጎዳል፣ በዘር የመጣውን ዳፍንት ደግሞ አያድነውም። እጥረቱ መኖር አለመኖሩ በደም ምርመራ ይታያል፣ ቶሎ ሚታከም ነገር ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ማጣራት ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ልጅሽ ልምጣ። የዓይኑ ውስጥ ንጹህ ነው መባሉ ዳፍንት የለበትም ማለት አይደለም። ከልደት ጀምሮ ያለ፣ እያደር ማይብስ በዘር ሚተላለፍ ዳፍንት አለ፣ እሱ ላይ ሬቲናው (ከዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ መስሎ ነው ሚታየው። የሩቁን አለማየትም አብሮት ይመጣል፣ አንዳንዱ ልጅ ዓይኑ ይርገበገባል ወይ ሸውረር ይላል። ሬቲናይቲስ ፒግመንቶሳ ሚባለው ግን ሌላ ነው፣ እሱም በዳፍንት ይጀምርና ቀስ እያለ የጎን እይታን እየበላ ይሄዳል፣ መጀመሪያ ላይ ደግሞ እሱም በማየት ብቻ ላይታወቅ ይችላል። ስለዚ ጥያቄሽ በጣም ትክክል ነው።

ሁለቱን ሚለየው ኢአርጂ ነው፣ ሬቲና ለብርሃን ሚሰጠውን የኤሌክትሪክ ምላሽ ሚለካ ምርመራ። ልጁ ብሌኑን ሚከፍት ጠብታ ይደረግለትና 20 ደቂቃ ያህል ጨለማ ውስጥ ይቆያል፣ ከዛ ብልጭታ እያሳዩ ይመዘግባሉ። ብርሃኑን ሚቀበሉት ህዋሶች ሰርተው መልእክቱ ወደ ቀጣዮቹ ሳይተላለፍ ከቀረ፣ የመጀመሪያው ሞገድ ደህና ሆኖ ተከታዩ ያንሳል፣ ማይብሰው አይነት ባብዛኛው እንዲህ ነው ሚታየው። በፒግመንቶሳ ግን ሁለቱም ይደክማሉ ወይ ይጠፋሉ። ኦሲቲ ሚባለውንም የሬቲና ምስል ቢያነሱት ጥሩ ነው፣ ሌሎች ተመሳሳይ ምልክት ያላቸውን በሽታዎች ለመለየት።

አንድ ነገር ግን ከማንኛውም መሳሪያ በፊት እጅሽ ላይ አለ፣ አጎትሽ። አጎትሽ፣ ወንድምሽ፣ ልጅሽ፣ ሴቶቹ ደህና ናችሁ፣ ይሄ በእናት በኩል በኤክስ ክሮሞዞም (ሴት ሁለት፣ ወንድ አንድ ብቻ ያለው የዘር ተሸካሚ) ሚተላለፍ ነገር ይመስላል። ግን ፒግመንቶሳም በዚሁ መንገድ ሊተላለፍ ስለሚችል የዘር ሐረጉ ብቻውን አይለየውም። አጎትሽን ጠይቂያቸው፣ ቀን ላይ ያነባሉ? ከጎን ሚመጣ ሰው ያያሉ ወይስ ይጋጫሉ? ከወጣትነታቸው ብሶባቸዋል? መልሳቸውን ጽፈሽ ለሐኪሙ ስጪው።

የሁለት ልጆች እናት፦
አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ አሁኑኑ ደወልኩላቸው። ስድሳን አልፈዋል፣ በመነጽር ያነባሉ፣ ጎናቸውንም ያያሉ፣ ማታውም ልጅ ሆኜ እንደነበረው ነው አልባሰም አሉኝ። ትንሽ ተነፈስኩ። ሴቷ ልጄስ?

የዓይን ነገር፦
ይሄ ጥሩ ዜና ነው፣ ኢአርጂው ግን አይቅር፣ አጎትሽም ቢመረመሩ ለልጁ ምርመራ ትልቅ ማስረጃ ነው። በኤክስ በኩል ከሆነ ሴቷ ተሸካሚ (ራሷ ሳትታመም ለልጆቿ ልታስተላልፍ ምትችል) የመሆን እድሏ ግማሽ ነው፣ ተሸካሚ ብትሆንም ባብዛኛው ደህና ነው ምታየው። ባብዛኛው ቁርጡን ሚነግርሽ የጂን ምርመራ ነው። ለማይብሰው አይነት እስካሁን ፈውስ የለም፣ 2017 አሜሪካ ውስጥ የጸደቀው የጂን ህክምና አርፒኢ65 ሚባለው ጂን ለተበላሸባቸው ብቻ ነው፣ ስለዚ በደፈናው "የዳፍንት መድኃኒት ተገኘ" ሚልሽ ካለ የትኛው ጂን ብለሽ ጠይቂው።

ልጄም አለበት፦
የኔም ልጅ ኢአርጂ ተሰርቶለታል፣ አያምም። ለትንንሾቹ ሽቦውን ከታችኛው ቆብ ስር ቆዳ ላይ ነው ሚለጥፉላቸው። ከባዱ ጨለማ ውስጥ መቀመጡ ነው፣ ማታ ለማያይ ልጅ ያስፈራል። ቤት ውስጥ ዓይኑን ሸፍነሽ ተረት እያወራሽ አለማምጂው፣ እዛም አጠገቡ ሆነሽ እጁን ያዢው። ለአስተማሪዋም አሁኑኑ ንገሪያት፣ መብራት አጥፍተው ፊልም ሲያሳዩ ወይ ሲመሽ ሲወጡ ሰው እንዲይዘው፣ ፊት ወንበርም ይሰጠው። መኝታ ቤቱና ኮሪደሩ ላይ ትንሽ መብራት ይደር። ፈሪ ሚሉትን ደሞ እባክሽ ልጁ እየሰማ አስቁሚያቸው፣ እሱ ሌላው ሰው በጨለማ እንደሚያይ እንኳን አያውቅም።