ሰንጋተራ 11ኛ ፎቅ ላይ ነን፤ መሬት ሲንቀጠቀጥ እንውረድ ወይስ እንቀመጥ?

የፎቅ ነዋሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ የነበረውን የምትረሱት አይመስለኝም። የቡፌው መስታወት ሲንቀጫቀጭ ነው የነቃሁት። የሳሎኑ መብራት ወዲያ ወዲህ ይል ነበር፣ ጎረቤቶቻችን ልጆቻቸውን አቅፈው በደረጃው ወረዱ። እናቴ ግን ጉልበቷን ያማታል፣ ጥያት መውረድ አልችልም። ምድር ቤት የሚኖሩት አክስቴ ደግሞ ምንም አልተሰማኝም አሉ። የተነሳው ፈንታሌ አካባቢ ሆኖ እኛን እንዲህ ካወዛወዘን፣ ቀረብ ብሎ ቢነሳ ምን ሊውጠን ነው? ቤት እንቀይር ወይ?

ስትራክቸር፦
እህቴ፣ ሕንፃ ዲዛይን ላይ ነው የምሠራው። ከሩቅ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ፈጣኑ ንዝረቱ መንገድ ላይ ይደክማል፣ ቀርፋፋው ግን ሩቅ ይጓዛል፣ ረጅም ሕንፃም ራሱ በዝግታ ስለሚወዛወዝ ከሱ ጋር ይገጥምና ላይኛው ፎቅ አክስትሽ ካሉበት በጣም የበለጠ ይሰማዋል። ስለዚህ መወዛወዙ ብቻውን ሕንፃው ደካማ ነው አያሰኝም። እየተንቀጠቀጠ አትውረዱ፣ ሊፍትም አትንኩ። እናትሽን ከመስኮትና ከቡፌ አርቀሽ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር አስገቢያቸው። ጉልበታቸው እምቢ ካለ አልጋቸው ላይ ሆነው ራሳቸውን በትራስ ይሸፍኑ። ሲቆም ቀስ ብላችሁ ውረዱ። እኔን የሚያሳስበኝ ታች ያለው ነው። ሱቅ ለማስፋት ግድግዳ የሚያፈርስ፣ ለቧንቧ ብሎ ኮለን (ሕንፃውን የተሸከመውን ምሰሶ) የሚቦረቡር ሰው ሞልቷል።

የፍልውሃ ልጅ፦
አዲስ አበባን ምንም አይነካትም የሚሉትን አትስሚ። ፍልውሃ የምንታጠብበት ሙቅ ውሃ የሚወጣው እኮ በምድር ስንጥቅ ነው። በ1898 ላንጋኖ አካባቢ የተነሳው እዚህ ድረስ ተሰምቷል። በ1953 የሰሜን ሸዋው የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። ያኔ እንዲህ ያለ ፎቅ አልነበረም። ቢሆንም ቤት ቀይሪ አልልሽም፣ ኪራዩን ታውቂዋለሽ።

ሜሪ፦
የደረጃው በር ማታ ይቆለፋል? የኛ ብሎክ ሌባ ፈርተን በሰንሰለት ነው የምናስረው። ያን ሌሊት ዘበኛው ቁልፉን እስኪያገኝ ሰው በሩ ላይ ተደራርቦ ይጮህ ነበር። ለእሳትም ያው ነው፣ 939 ብትደውሉ እንኳ እነሱ በየት ይገባሉ? አሁን ቁልፉ በየፎቁ አንድ ሰው ጋ አለ።

የፎቅ ነዋሪ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቡፌው ከእናቴ አልጋ አጠገብ ስለሆነ ነገ አነሳዋለሁ፣ ማንሳት የማይቻለውን ቁም ሳጥን ደግሞ ከግድግዳው ጋር አሳስረዋለሁ። የበሩን ጉዳይ ለኮሚቴው እናገራለሁ። ስትራክቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እኛ ብሎክ ሥር አንዱ ሱቅ እየታደሰ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ድሪል ይሰማል። የሚነካው ኮለን መሆኑን በምን ልወቅ?

ስትራክቸር፦
ከፕላስተሩ ሥር ክፍት ብሎኬት ከታየሽ ግድግዳ ነው። ድፍን ኮንክሪት ከሆነና ፌሮ ብቅ ካለ ግን ኮለን ወይ ቢም (አግዳሚው ተሸካሚ) ነው፣ ያኔውኑ አስቁሙት። ፎቶ አንሺና ኮሚቴውን ይዘሽ ወረዳ ሂጂ። ብሎኬት ቢሆንም ዝም አትበሉ፣ የታችኛው ፎቅ ግድግዳ ሲያልቅ ከላይ ካሉት ይልቅ እሱ ይልፈሰፈሳል፣ ሲንቀጠቀጥም ጉዳቱ እዚያው ይከማቻል።