ጦሳንና የጎፍን ከእሳት ለመጠበቅ፦ የጋራ ሐሳባችን ላይ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የጦሳንና የየጎፍን ተራራ ደን ከእሳት ለመጠበቅ ለደሴና ለኮምቦልቻ ከተሞች አስተዳደር የምናስገባውን ረቂቅ አይታችኋል። እስካሁን አብዛኛው ገንዘብ የተመደበው ለውሃ ቦቴ ኪራይና ለጎማ ቱቦ ነው። እስከ ዓርብ ሐሳባችሁን ጣሉበት።

የደን ባለሙያ፦ እኔ አልስማማም። ጦሳ ዳገት ላይ እሳት ቢነሳ ቦቴው በየት በኩል ሊወጣ ነው? እሳት ዳገት ሲወጣ ነበልባሉ ከፊቱ ወዳለው ዛፍ ስለሚያዘነብል ገና ሳይደርስበት ያደርቀዋል። ዳገቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእሳቱ ፍጥነት በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። 20 ዲግሪ ላይ አራት እጥፍ ማለት ነው። ሰው ደግሞ ዳገት ላይ ይደክማል።

በዚያ ላይ ብዙው ዛፋችን ነጭ ባህር ዛፍ ነው። ቅጠሉ ዘይት አለው። ቅርፊቱ በረጅሙ እየተላጠ ግንዱ ላይ ይንጠለጠላል፤ እሳቱ በእሱ ተንጠላጥሎ ቅርንጫፍ ላይ ይወጣል። የተቀጣጠለውን ቅርፊት ነፋስ ይዞት ይሄድና ርቆ ሌላ እሳት ይለኩሳል። እሳቱን እንዲያቆም የቆፈርነውን መስመር ዘለለው ማለት ነው።

የኮምቦልቻ ተወካይ፦ ጋሼ ልክ ናቸው። ፖርቱጋል ውስጥ ፔድሮጋኦ ግራንዴ አካባቢ በሰኔ 2017 እ.ኤ.አ. 66 ሰዎች ሞተዋል። 47ቱ ያለቁት አንድ መንገድ ላይ ነው፤ ብዙዎቹ በመኪና ሲሸሹ። እዚያም ደኑ ጥድና ባህር ዛፍ ነበር። ይሄ እንቅልፍ ይነሳኛል፤ የኛም ሰፈሮች መውጫ ጠባብ ነው። ማን ደወል እንደሚያሰማና ሕዝቡ በየት በኩል እንደሚወጣ ረቂቁ ውስጥ ይግባ። «ወደ ዳገት አትሽሹ» የሚለውም በግልጽ ይጻፍ። ከሩቅ የሚመጣ እርዳታን ተስፋ አድርገን አንቀመጥ። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ሲቃጠል ሄሊኮፕተሩ የመጣው ከኬንያ ነው።

የጦሳ ሥር ነዋሪ፦ ልጆቼ፣ ቅጠል ለቃሚዎቹን አትርሷቸው። ጠዋት ጠዋት የባህር ዛፍ ቅጠል በጆንያ ጠቅጥቀው፣ ጎብጠው የሚወርዱትን እናቶች ታውቋቸዋላችሁ። ለእንጀራ መጋገሪያ ነው የሚሸጡት። ጥበቃው ያባርራቸዋል። እነሱ የጠረጉት ቦታ ላይ አፈሩ ይታያል። የተባረሩበት ጋ ግን እግሬ ቅጠሉ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚት ይሰምጣል። ያ ሁሉ የሚነድ ነገር ነው።

የደን ባለሙያ፦ እትዬ፣ ትልቅ ነገር ነው ያነሱት። ክረምት ላይ ጎርፍ አፈሩን እንዳይወስደው ደኑ በሙሉ አይጠረግ እንጂ፣ ከቤቶች ጀርባና ከመንገድ ግራና ቀኝ ያለው በየጊዜው ይጠረግ። የተንጠለጠለው ቅርፊትም ይውረድ። ይህ ከጥር በፊት ማለቅ አለበት።

ገንዘብ ያዥ፦ ቱቦውን ሙሉ በሙሉ አታውጡብኝ። የሰፈር ቤት ሲቃጠልም ያስፈልጋል። የቦቴውን ኪራይ ግን ለጽዳቱ ላዙረው እችላለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ እንዲህ ላስተካክለው፦ «ቅጠል ለቃሚ እናቶች ፈቃድ ተሰጥቷቸው፣ ከቤቶች ጀርባና ከመንገድ ግራና ቀኝ ያለውን እየተከፈላቸው እንዲያጸዱ። በየሰፈሩ ደወል የሚያሰማ ሰው እንዲመደብ። መውጫ መንገዶች ግንድና አጠና እንዳይከመርባቸው።» ያልተስማማ አለ?

የጦሳ ሥር ነዋሪ፦ እኔ ተስማምቻለሁ። ግን እናቶቹን ማንም አላማከራቸውም። ነገ ሲወርዱ እጠይቃቸዋለሁ፤ እስከዚያ አትላኩት።